ኢላይ ጃኒ፤ የብዙ ሠራተኞችን እጅ ያዳነ ሰው

ሰው የሚገለገልበትን ዕቃ ያውቃል እንጂ የሠሪውን ስም ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። እኛም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። በዕረፍት ሰዓታችን በጠረጴዛ ላይ የሞዴል ባቡር ስናስኬድ፥ ሁለት ትናንሽ ፉርጎዎች ገና ሲነካኩ ራሳቸው ይያያዛሉ፤ በሐዲዱ መካከል ከተቀመጠው ማግኔት ላይ ሲቆሙ ደግሞ እጅ ሳይነካቸው ይላቀቃሉ። ያቺ ከጥፍር የማትበልጥ ማያያዣ የታጠፈ ጣት መልክ አላት። ስለ ምን የጣት መልክ እንደ ያዘች ለማወቅ የኢላይ ሃሚልተን ጃኒን ሕይወት መመልከት ያስፈልጋል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጃኒ በ1831 በአሜሪካ፥ በቨርጂኒያ፥ ላውደን በተባለው አውራጃ ተወለደ። የእርስ በርሱ ጦርነት በተነሣ ጊዜ በደቡቦቹ ጦር ውስጥ በስንቅና ትጥቅ ክፍል አገልግሎ እስከ ሻለቃነት ደረሰ። ያ ጦር የባርነትን ሥርዓት ለማቆየት የተሰለፈ እንደ ነበረ ልንሸሽገው አይገባንም። በ1865 ደቡቦቹ ከተሸነፉ በኋላ ጃኒ በአሌክሳንድሪያ ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ተቀጥሮ ይሠራ ጀመር። መሐንዲስ አልነበረም፤ የመካኒክነት ትምህርትም አልነበረውም።

በዚያን ዘመን የአሜሪካ ፉርጎዎች የሚያያዙት በቀለበትና በችንካር ነበር። የፍሬን ሠራተኛው በሁለት ፉርጎዎች መካከል ይቆማል፤ ባቡሩ እየገፋ ሲመጣበት ከባዱን የብረት ቀለበት በእጁ ደግፎ ወደ ቀዳዳው ያስገባል፤ ከዚያም ችንካሩን ከላይ ይሰካል። እጁን ለቅጽበት ቢያዘገይ ጣቱ ይቀራል፤ እግሩ ቢያዳልጠው ሕይወቱ ያልፋል። ከ1877 እስከ 1887 በባቡር ሠራተኞች ላይ ከደረሰው አደጋ ከመቶ 38 ያህሉ ፉርጎ ከማያያዝ ሥራ ጋራ የተገናኘ ነበር። የአንድ ሠራተኛ የቆየ ልምድ በጎደሉት ጣቶቹ ቍጥር ይታወቃል እስከ መባል ተደርሶ ነበር።

ጃኒ ይህን ችግር ሲያሰላስል መልሱን ያገኘው ከገዛ እጁ ነው። የሁለት እጆች ጣቶች ታጥፈው ሲቆላለፉ ቢጐትቷቸው አይላቀቁም፤ አንደኛው ጣቱን ሲዘረጋ ግን ወዲያው ይለያያሉ። በምሳ ሰዓቱ በሰንጢ እንጨት እየቀረጸ ይህንኑ አሳብ በመልክ አወጣው። በሚያዝያ ወር 1873 የፈጠራ መብቱ ተመዘገበለት። ማያያዣዎቹ ሲጋጠሙ ጣቱ ራሱ ታጥፎ ይቆለፋል፤ ለማላቀቅ ደግሞ ሠራተኛው ከፉርጎው ጐን ቆሞ በዘንግ መቆለፊያውን ማንሣት ይበቃዋል።

ታዲያ በማግሥቱ የሠራተኛው እጅ ዳነ ብሎ የሚገምት ካለ ተሳስቷል። ሌሎች ፈጣሪዎችም በሺህ የሚቆጠሩ ማያያዣዎች አቅርበው ነበር፤ አንዱ ከሌላው ጋራ አይገጥምም። ለኩባንያዎቹም አዲስ ማያያዣ ማለት ገንዘብ ነው። በ1885 የፉርጎ ሠሪዎች ማኅበር በቡፋሎ ከተማ ብዙዎቹን ፈተነ፤ ከዚያም በኋላ የጃኒን ዓይነት መረጠ። ነገር ግን መብቱ በአንድ ሰው እጅ ሳለ ሁሉም ሊሠራው አይችልም ነበር። በዚህ ጊዜ ጃኒ ማያያዣዎቹ የሚጋጠሙበትን ቅርጽ ማንኛውም ፋብሪካ እንዲሠራው ፈቀደ፤ በዚያ ቅርጽ ላይ ያለውን መብት ተወ። በእኛ አስተያየት ከፈጠራው የማያንስ ሥራ ይህ ነው።

የቀረውን ሕግ ፈጸመው። የአዮዋው ገበሬ ሎሬንዞ ኮፊን የአንድ ሠራተኛ ጣቶች ሲቈረጡ በዓይኑ አይቶ፥ ዓመታት ሙሉ ሕዝቡንና ሹማምንቱን ሲወተውት ኖረ። በመጋቢት 1893 ፕሬዚዳንት ሃሪሰን ኩባንያዎቹ ሰው በፉርጎዎች መካከል ሳይገባ የሚሠራ ማያያዣ እንዲያደርጉ የሚያስገድደውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ በሙሉ የጸናው በ1900 ነው። በዚያው ዓመት በዩታ አንድ የፍሬን ሠራተኛ እጁን አጣ፤ ሎኮሞቲቩም የምግብ ቤቱ ፉርጎም ራሱ የሚያያዝ ማያያዣ ነበራቸው፤ ነገር ግን ዓይነታቸው ስለ ተለያየ እርስ በርሳቸው አይያያዙም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1904 ለሠራተኛው ፈረደለት። በማያያዝ ሥራ የሚደርሰው አደጋ በ1892 ወደ 11,000 ገደማ ሲሆን በ1902 ወደ 2,000 ወረደ። ጃኒ ይህን ሁሉ አይቶ በ1912 በአሌክሳንድሪያ ዐረፈ።

አሁን ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። ኪትና ዴል ኤድዋርድስ የተባሉት መንትያ ወንድማማቾች ከስማቸው መነሻ ፊደላት ኬዲ ብለው በሰየሙት ፋብሪካቸው የጃኒን ጣት ለሞዴል ባቡር አሳንሰው ሠሩት፤ ከሥሩም የተቈለመመ ቀጭን የብረት ሽቦ ጨመሩበት። ባቡሩ እየተጐተተ በማግኔቱ ላይ ሲያልፍ ማያያዣው ተወጥሮ ስለሚይዝ አይላቀቅም። ቆሞ ጥቂት ወደ ኋላ ሲል ግን ይላላል፤ ማግኔቱ ሁለቱን ሽቦዎች ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይስባቸዋል፤ ጣቶቹም ይከፈታሉ።

ይህን ማያያዣ የሚገጥም ሰው አስቀድሞ የሚለካው ከፍታውን ነው። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ጕዞው መካከል ይላቀቃሉ፤ ሽቦው ከወረደ በሐዲዱ መገናኛ ላይ ይሰናከላል፤ የመንኰራኵሩ ዘንግ ብረት ከሆነም ማግኔቱ ፉርጎውን ራሱን ይስበዋል። የ1893 ሕግም ማያያዣው ከሐዲዱ በላይ የሚቆምበት አንድ ከፍታ እንዲወሰን አዝዞ ነበር፤ በመደበኛው ሐዲድ ላይ ከፍተኛው 34 ኢንች ተኩል፥ ማለት 88 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ነገ በየሙያችን አንድ ነገር እንፈጥር ይሆናል። በ1873 የተገኘው መፍትሔ በ1900 ለሠራተኛው ሁሉ እስኪደርስ 27 ዓመት አልፏል፤ በነዚያ ዓመታት የተቈረጡት ጣቶች በዕውቀት ማነስ የተቈረጡ አልነበሩም። መፍጠር የሥራው እኩሌታ ነው፤ ሌላው እኩሌታ መስማማት፥ መተውና ሕግ ማውጣት ነው።