የመጫወቻ ንጉሥ የተባለው ሉዊስ ማርክስ

የነገሥታትና የጦር አለቆች፥ የሊቃውንትና የደራስያን ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኔ ግን ለዚህ ዓመት መጽሔታችን የመረጥሁት ከቆርቆሮ መጫወቻ እየሠራ ትልቅ ስም ያተረፈውን ሉዊስ ማርክስን ነው። ይህ ሰው ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከካርል ማርክስ ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው። ታሪኩን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ኩባንያው ለሕፃናት የሠራው አንድ የቆርቆሮ የጽሕፈት መኪና ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሉዊስ ማርክስ ኦገስት 11 ቀን 1896 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ፥ ብሩክሊን በተባለው ክፍል ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን አገር ፈልሰው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ትምህርቱን በልጅነቱ ከጨረሰ በኋላ ፈርዲናንድ ስትራውስ በተባለ የመጫወቻ ነጋዴ ዘንድ ሥራ ገባ። ስትራውስ በሞላ የሚንቀሳቀሱ የቆርቆሮ መጫወቻዎችን የሚሠራ ሰው ነበር። ወጣቱ ማርክስም በትጋቱ ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው የፋብሪካ ኃላፊ ለመሆን በቃ። ነገር ግን በንግዱ አካሄድ ላይ ከኩባንያው ሹማምንት ጋር ባለመስማማቱ ከሥራው ወጣ። ከዚያም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተራ ወታደርነት ገብቶ እስከ ሳጅንነት ደረሰ።

ከጦሩ ከተመለሰ በኋላ በ1919 ዓ.ም. ከወንድሙ ከዴቪድ ጋር የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። በመጀመሪያ ፋብሪካ ስላልነበረው ዕቃውን ሌሎች እንዲሠሩለት እያዘዘ ይሸጥ ነበር። የቀድሞ አሠሪው ስትራውስ በችግር ላይ በወደቀ ጊዜ ማርክስ የአንዳንድ መጫወቻዎችን የቅርጽ ማውጫ ብረቶች ገዛው። ከእነዚህም አንዱ በገመድ ላይ የሚወጣው ዝንጀሮ ነበር። ሌሎች ጊዜው ያለፈበት ነው ያሉትን ዕቃ እርሱ ቀለሙንና መጠኑን ለውጦ እንደገና ለገበያ ቢያቀርበው በሚሊዮን የሚቈጠር ተሸጠለት። በዚህም ገና በ26 ዓመቱ ሚሊየነር ሆነ። ከዚያ በኋላ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር በኢሪና በጂራርድ፥ በዌስት ቨርጂንያም በግሌንዴል የራሱ ፋብሪካዎች ኖሩት።

የማርክስ ሐሳብ አንድ ነበር፤ ይኸውም ሕፃኑ በጥቂት ገንዘብ ብዙ መጫወቻ እንዲያገኝ ነው። ይህን ለመፈጸም የረዳው የአሠራሩ ዘዴ ነው። ገና ዝርግ በሆነው ቆርቆሮ ላይ ሥዕሉና ቀለሙ በማተሚያ መኪና ይታተማል። ቀጥሎ ቆርቆሮው በከባድ መኪና ተመትቶ ይቈረጣል፥ ቅርጽም ይይዛል። በመጨረሻ የአንዱ ክፍል ጆሮ በሌላው ቀዳዳ ገብቶ ይታጠፋል። በዚህ ዓይነት ያለ ብሎንና ያለ ብየዳ ይጋጠማል። ለዚያው ቅርጽ ሌላ ሥዕል ቢያትሙበት ደግሞ አዲስ መጫወቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ጽሕፈት መኪናው ልምጣ። እውነተኛው የጽሕፈት መኪና ከ40 የሚበልጡ መምቻዎች አሉት። እያንዳንዱ መምቻ የራሱ ክንድና የራሱ ፊደል አለው። ይህን ሁሉ ለሕፃን ልሥራ ቢባል ዋጋው የድኻ አባት ኪስ የማይደርስበት ይሆናል። ስለዚህ በ1930ዎቹ ዓመታት የማርክስ ኩባንያ ባወጣው መጫወቻ ላይ የፊደሎቹ መምቻዎች በቆርቆሮው ላይ የታተሙ ሥዕሎች ብቻ ነበሩ። እውነተኛዎቹ ፊደሎች በአንድ መንኰራኩር ላይ ይገኛሉ። ሕፃኑ መንኰራኩሩን አዙሮ የሚፈልገውን ፊደል ያመጣል፤ ከዚያ ሲጫነው በወረቀቱ ላይ ይታተማል። ስድስት ፊደል ያለውን ስም ለመጻፍ ስድስት ጊዜ ማዞር አለበት።

ይህን የነገርኋቸው አንዳንድ ጓደኞቼ ነገሩ ማታለል ነው ብለው ተከራከሩኝ። በእርግጥ ጣቱን በሥዕሉ ላይ ቢጫን ምንም አይጻፍም። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሕፃኑ የሚመኘው የገዛ ስሙ እንደ ትልቅ ሰው ደብዳቤ በወረቀት ላይ ታትሞ እንዲያየው ነው፤ ይህንንም አግኝቷል። የተቀነሰበት ፍጥነቱ ነው። ፍጥነት ደግሞ ለጸሓፊ እንጂ ለሰባት ዓመት ልጅ ምን ይጠቅመዋል? ማርክስ ምን መቅረት እንዳለበትና ምን መቅረት እንደሌለበት ለይቶ ያውቅ ነበር እላለሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1942 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ብረት ለመጫወቻ እንዳይውል ስለ ከለከለ ፋብሪካዎቹ ወደ ጦር ዕቃ ሥራ ዞሩ። ከጦርነቱ በኋላ ኩባንያው ከቀድሞው ይልቅ ገነነ። በ1955 ዓ.ም. በዓለም ትልቁ የመጫወቻ ፋብሪካ ሲሆን፥ ታይም የተባለው መጽሔት የማርክስን ሥዕል በሽፋኑ ላይ አወጣ፤ የመጫወቻ ንጉሥም አለው። ማርክስ ለማስታወቂያ የሚያወጣው ገንዘብ ከቍጥር የማይገባ ነበር። ዕቃው በትልልቅ መደብሮች ስለሚሸጥ ርካሽነቱ ራሱ ያስተዋውቀው ነበር። በኋላ ግን ፕላስቲክ የቆርቆሮን ቦታ ወሰደ፤ በቴሌቪዥን ሕፃናትን የሚጠሩ ተወዳዳሪዎችም ተነሡ። ማርክስ በ1972 ዓ.ም. ኩባንያውን ከ50 ሚሊዮን በሚበልጥ ዶላር ሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች ሊያቆሙት አልቻሉም፤ በ1980 ዓ.ም. ከሰረ። ማርክስም የልፋቱን ፍጻሜ በዓይኑ አይቶ በ1982 ዓ.ም. በ85 ዓመቱ ሞተ። ሕፃናት ሲረግጧቸው የነበሩት ቆርቆሮዎች ዛሬ በአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊዎች ናቸው።

አንባቢዎች ሆይ! በአገራችንም ሕፃናት ከጣሳና ከሽቦ መኪና ሠርተው፥ ቆርኪ ጎማ አድርገውለት ሲነዱ እናያለን። ብልሃቱ በእጃቸው አለ፤ የጐደለው ያንን ብልሃት ወደ ፋብሪካ የሚያደርስ ሰው ነው። ለምሳሌ የማርክስን መንኰራኩር ለእኛ ፊደል እናድርግ ብንል 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ የሚሸከም መንኰራኩር ለሕፃን እጅ ይከብዳል። እንግዲህ ምኑ ይቅር? ምኑስ ይኑር? እኔ ለብዙ ቀን አስቤበት መልሱን ገና አላገኘሁትም። ከዚህ ትምህርት ቤት ከምንወጣው መካከል አንዱ ወይም አንዷ ይህን ጥያቄ ብትፈታ፥ ስሙን በራሱ ፊደል አትሞ የሚደሰት ብዙ ሕፃን አለ።