ኦስካር ሐመርስታይን፤ የቲያትር ቤቶች ገንቢና ቤተሰቡ

በኒው ዮርክ ከተማ ታይምስ ስኩዌር የሚባለው አደባባይ የትርኢት ማዕከል ከመሆኑ አስቀድሞ የሠረገላ ሠሪዎችና የፈረስ ጋጣዎች ሠፈር ነበር። በዚያ ሠፈር ታላላቅ ቲያትር ቤቶችን ለማቆም ከደፈሩት ቀዳሚዎች አንዱ ኦስካር ሐመርስታይን ነው።

ሐመርስታይን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ያን ጊዜ በፕሩስያ ሥር በነበረችውና ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው በሽቴቲን ከተማ ተወለደ። በአፍላ ዕድሜው ከአባቱ ቤት ኮብልሎ አሜሪካ ሲገባ ያገኘው ሥራ የሲጋር ፋብሪካ ሠራተኛነት ነበር። ይሁን እንጂ ለሲጋር ሥራ የሚያገለግሉ መሣሪያዎችን እየፈለሰፈ በርካታ የፈጠራ መብቶችን አስመዘገበ። ከዚህ ያገኘውን ሀብትም ልቡን በገዛው በሙዚቃና በቲያትር ላይ አፈሰሰው።

እ.ኤ.አ. በ1889 በሐርለም የኦፔራ ቤት ሠራ። በ1895 ደግሞ ኦሊምፒያ የተባለውን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር በርካታ አዳራሾችን ያቀፈ ሕንጻ አቆመ። ነገር ግን ወጪው ከገቢው በመብለጡ በ1898 ሕንጻውን አበዳሪዎች ወሰዱበት። ሐመርስታይን ተስፋ ሳይቆርጥ በዓመቱ በ42ኛው መንገድ ቪክቶሪያ የተባለውን ቲያትር ቤት ከፈተ።

ቪክቶሪያን የሀብት ምንጭ ያደረገው ግን ልጁ ዊሊ ነበር። ከ1904 ጀምሮ ቤቱን ለቮድቪል፣ ማለትም ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ቀልድና የአክሮባት ትርኢት በየተራ ለሚቀርብበት መዝናኛ አዋለው። በዚያው ዓመት የምድር ውስጥ ባቡር በመከፈቱ ሕዝቡ ወደ አካባቢው ጎረፈ። ዊሊ በበጋ ወራት ተመልካቾችን ወደ ጣሪያው መናፈሻ የሚያወጣውን አሳንሰር ሆን ብሎ ያሞቅ እንደነበር ይነገራል፤ ከዚያ የወጣ ሰው የጣሪያው አየር ቀዝቃዛ መስሎ ይሰማው ነበርና።

አባትየው ግን የቮድቪሉን ትርፍ ለኦፔራ አዋለው። በ1906 ማንሐተን ኦፔራ ቤትን ከፍቶ ከታዋቂው ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ጋር ፉክክር ገጠመ። ፉክክሩ ገንዘቡን ስላሟጠጠው በ1910 በ1.2 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ለ10 ዓመታት በአሜሪካ ኦፔራ ላለማቅረብ ተስማማ። ክፍያውን ይዞ በ1911 በለንደን ሌላ ኦፔራ ቤት ቢሠራም እርሱም ከሰረ። በ1914 ዊሊ ሞተ፤ ብዙም ሳይቆይ ቪክቶሪያ ተዘጋ፣ ቦታውም ለሲኒማ ቤት ዋለ። ሐመርስታይን ራሱ የውሉ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በነሐሴ 1919 አረፈ።

ዊሊ የቲያትርን ዓለም ውጣ ውረድ ስለሚያውቅ ልጁ በዚህ ሙያ እንዲሰማራ አይፈልግም ነበር። በአያቱ ስም የተጠራው ይህ ልጅ ሕግ ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ ሆኖም አባቱ ከሞተ በኋላ ትምህርቱን ትቶ በአጎቱ በአርተር ሐመርስታይን ዘንድ በቲያትር ሥራ ተቀጠረ። ኋላም ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክን ለመሰሉ የሙዚቃ ድራማዎች ግጥም በመድረስ የቤተሰቡን ስም በዓለም አስጠራ። አርተርም በ1927 ለአባቱ መታሰቢያ በብሮድዌይ ቲያትር ቤት አሠራ።

ቤት መሥራት አንድ ሙያ ነው፤ የተሠራውን ቤት በአገልግሎት ላይ ማቆየት ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። አያትየው የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አልታደለም። ዊሊ በሕይወት ሳለ ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተገናኝተው ነበር፤ የቪክቶሪያም ብርሃን የደመቀው በእነዚያ ዓመታት ነው።