የመጀመሪያው ሐኪማችንም ውጭ አገር ነበር

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ጓደኛዬ የትምህርት ማስረጃውን ለማረጋገጥ ሲሰለፍ አብሬው ቆሜ ዋልኩ። ሊሄድ ነው። ቅር ልለው ፈልጌ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ሰልፉ ላይ ሳለን ግን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ትዝ አሉኝ።

በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ናቸው። ጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት ሲያበቃ፣ ገና ሕፃን ሳሉ፣ ከቤተሰብ ተለይተው የእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ገቡ። ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ፤ ከዚያ በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኑ። ኢትዮጵያ የነበራት አንድ ሐኪም ልጅ የሚያክመው የበርማን ሰው ነበር ማለት ነው።

ከአድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ መጡ። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማየት ጀመሩ። አማርኛ አይችሉም፤ የሚግባቡት በአስተርጓሚ ነው። ሴት አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩአቸው።

ፊልም ቢሆን እዚህ ጋ ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን ወደ በርማ ተመለሱ። ሌላ ጊዜ መጥተው የታመሙትን አፄ ምኒልክን አከሙ፤ እንደገና ሄዱ። ለመኖር የመጡት በ1911 ዓ.ም. ገደማ፣ ጡረታ ወጥተው፣ ዕድሜያቸው 50 ካለፈ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ደግሞ የተማረ ሰው ስላልነበረ አገር ሁሉን ነገር ጫነችባቸው። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መሩ፣ ጨርጨርን አስተዳደሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሟገቱ። እንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው የተመለሱት ልጆቻቸው ቤንጃሚንና ዮሴፍ ግን እዚሁ ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ገደሏቸው። አባትየው ከነጻነት በኋላ አገራቸው ገብተው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

ስለዚህ እሳቸውን ለሄደ ሰው መውቀሻ ማድረግ አልችልም። የሄዱት ወደው አይደለም፤ ሲመለሱም የሚተዳደሩበትን ይዘው ነው። እኛ ግን ብርቱውን ዕድሜያቸውን አላገኘነውም።

የጓደኛዬ ተራ ደረሰ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ ለመመለስ ጡረታ እስኪወጣ እንዳይጠብቅ። ሳቀ። ከዚያ ግን ኮስተር ብሎ፣ የሚያኖር ደሞዝና የሚሠራበት ዕቃ የሚጠብቀው እንደሆነ ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። እናንተስ ምን ትሉት ነበር?