ቴያር ደ ሻርዳን እና የሐረርጌ ዐለት

በሐረር ጁገል በፈላና በር የሚያልፍ የሙያ ባልደረባ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በግንቡ ላይ ነው። ግንቡ የታነጸበት ሐሺ የተባለው ኖራማ ድንጋይ የአገሩ የሥነ ምድር ታሪክ አንዱ ገጽ ነውና። ያን ታሪክ ከቀደሙት ጊዜያት ጀምሮ ካጠኑት ሊቃውንት አንዱ ፈረንሳዊው ካህን ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን ናቸው። ዓለም በይበልጥ የሚያውቃቸው በፍልስፍናቸው ሲሆን፣ የሥነ ምድር ተማሪነታቸው እምብዛም አይነሣም።

እ.ኤ.አ. በ1881 በኦቨርኝ አውራጃ፣ በጠፉ እሳተ ገሞራዎች አገር ተወለዱ። በ1899 የኢየሱሳውያንን ማኅበር ተቀላቀሉ፤ በካይሮ ፊዚክስና ኬሚስትሪ አስተማሩ፤ በ1911 ቅስና ተቀበሉ። በ1912 በፓሪስ ከማርሴለን ቡል ዘንድ የቅሪተ አካል ጥናት ቢጀምሩም የዓለም ጦርነት አቋረጣቸው። እስከ ፍጻሜውም ቁስለኛ ተሸካሚ ሆነው አገለገሉ።

ከጦር ሜዳ ተመልሰው ወደ ሶርቦን ሲገቡ ዕድሜያቸው ወደ አርባ ተጠግቶ ነበር። ዛሬ ለማስተርስ ዲግሪ የሚዘጋጅ ወጣት በሃያዎቹ ዕድሜው የሚይዘውን ትምህርት እርሳቸው ዘግይተው ያዙት። የጂኦሎጂ፣ የዕፅዋትና የእንስሳት ጥናት የምስክር ወረቀቶችን አከታትለው ካገኙ በኋላ፣ በፈረንሳይ የታችኛው ኢዮሲን ዘመን አጥቢ እንስሳት ላይ ባቀረቡት ጥናት በ1922 ዶክተር ተባሉ። በፓሪስ የካቶሊክ ተቋምም የጂኦሎጂ መምህር ሆኑ። ይህን ያህል የተደከመበት ወንበር ግን ብዙ አልቆየላቸውም። ስለ አዳም ኃጢአት የጻፉት ማስታወሻ አለቆቻቸውን ስላላስደሰተ ከማስተማር ታገዱ። የመስክ ሥራ ግን አልተከለከሉም፤ ወደ ቻይና፣ ቀጥሎም ወደ ሐረርጌ የመራቸው ይኸው ነው።

በ1928 መጨረሻ በወዳጃቸው በአንሪ ደ ሞንፍሬ ግብዣ በኦቦክ በኩል መጡ። ከሐረር ደጋ ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው አገር ከታች ጥንታዊው መሠረተ ዐለት፣ በላዩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም የጁራሲክ ዘመን ኖራ ድንጋይ ተደራርበው ይታያሉ። በ1929 ከሞንፍሬ ጋር በድሬዳዋ አጠገብ በፖርክ ኤፒክ ዋሻ የመጀመሪያውን ቁፋሮ አደረጉ። በኢትዮጵያ፣ በሶማሌ ምድርና በደቡብ ዓረብ ያካሄዱት የጂኦሎጂ ጥናትም በ1930 ታተመ። በ1933 ብሮይና ቬርነርት ዋሻውን በድጋሚ ቆፍረው የሰው መንጋጋ ስባሪ አገኙ። ሦስቱ በጋራ ያዘጋጁት የሐረር የጥንት ድንጋይ ዘመን ጥናት የወጣው ግን በ1951 ነበር።

በ1948 ኮሌዥ ደ ፍራንስ ወንበር ሊሰጣቸው ቢያስብም ሮም አልፈቀደችም። የፍልስፍና መጻሕፍታቸውም በሕይወት ሳሉ እንዲታተሙ አልተፈቀደም። ሚያዝያ 10 ቀን 1955 በትንሣኤ ዕለት በኒው ዮርክ አረፉ። የፖርክ ኤፒክን ቁፋሮ በ1970ዎቹ ዴዝሞንድ ክላርክና ባልደረቦቹ ቀጠሉት።