በሦስት ዓመቱ ግሪክኛ የተማረው ልጅ

ከዕድሜው በላይ የሚያስተውል ሕፃን በቤቱ ያገኘ ወላጅ ደስታና ጭንቀት አብረው ይመጡበታል። እንግዳ በመጣ ቍጥር ልጁ እየተጠራ በቃሉ ያጠናውን እንዲወጣ ይደረጋል፤ የሰማው ሁሉ ያደንቃል፤ እንግዳው ቡናውን ጠጥቶ ከሄደ በኋላ ግን እንግዲህ ይህን ልጅ እንዴት አድርገን እናሳድገው የሚለው ጭንቀት ለአባትና ለእናት ብቻ ይቀራል። ከአንባቢዎቻችን የሚበዙት ተማሪዎችና ሥራ ከያዙ ብዙ ያልቈዩ ወጣቶች ስለ ሆኑ፥ ነገሩ ገና የሩቅ መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ ማታ ማታ ታናናሾቹን የማያስጠና ታላቅ ወንድም በመካከላችን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የእንግሊዛዊውን ፈላስፋ የጆን ስቱዋርት ሚልን አስተዳደግ ልንተርክ አሰብን። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሚል በግንቦት ወር 1806 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተወለደ፤ ከዘጠኝ ልጆችም የመጀመሪያው ነበረ። አባቱ ጄምስ ሚል የስኮትላንድ ተወላጅና የአንድ ጫማ ሰፊ ልጅ ሲሆን፥ ሰር ጆን ስቱዋርት የተባሉ ባለርስት ብልህነቱን አይተው ስለ ረዱት በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ለመማር በቃ፤ ኋላም ለበኵር ልጁ የእኚህን ሰው ስም አወጣለት። ለሰባኪነት ቢማርም በዚያ ሥራ አልጸናም፤ በ1802 ዓ.ም. ወደ ለንደን መጥቶ በብዕሩ ማደር ጀመረ። ልጁ በተወለደበት ዓመት፥ ሕንድን በዓይኑ ሳያይ፥ የሕንድን ታሪክ መጻፍ ጀመረ፤ መጽሐፉ ታትሞ የወጣው በ1817 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ቋሚ ደመወዝ አልነበረውም፤ የቤተሰቡ ቍጥር ግን በየጊዜው ይጨምር ነበር።

ይህ ሰው የልጅ አእምሮ በትምህርትና በልምድ የሚቀረጽ ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። ስለዚህ ልጁን ለሌላ አስተማሪ ሳይሰጥ ራሱ ሊያስተምረው ቈረጠ። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሲሆነው የግሪክን ቃላት ከነትርጕማቸው በትንንሽ ወረቀት እየጻፈ ያስጠናው ጀመር፤ ቀጥሎም የኤዞፕን ተረት በግሪክኛ አስነበበው። በዚያ ዘመን የነበረው የግሪክኛ መዝገበ ቃላት ፍቺው በላቲን ነበረ፤ ልጁም ላቲን ገና አልጀመረም። እንግዲህ የማያውቀው ቃል በገጠመው ቍጥር አባቱን መጠየቅ ነበረበት። አባትና ልጅ የሚሠሩት በአንድ ክፍል፥ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነበርና፥ አባትየው ስለ ሕንድ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር እያቋረጠ የቃሉን ትርጕም ይነግረዋል፤ ወደ ጽሕፈቱ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ቃል ይመጣል። ጄምስ ሚል በተፈጥሮው ትዕግሥት ያጠረው ሰው ነበረ። እንዲህ ያለው ሰው፥ የቤቱ እንጀራ በብዕሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፥ ይህን ያህል ዓመት በሕፃን ጥያቄ መቋረጥን መቻሉን እኛ ከልጁ ዐዋቂነት ይልቅ እናደንቃለን። ባለገንዘብ አባት አስተማሪ ይቀጥራል፤ ይህ አባት ግን የሰጠው ራሱ የተቸገረበትን ጊዜውን ነው።

ጧት ከቁርስ በፊት ሁለቱ በእግር ይንሸራሸራሉ፤ ልጁም በማግሥቱ እንዳይረሳው በወረቀት ቍራጭ የያዘውን እያየ ያነበበውን ይተርካል። ስምንት ዓመት ሳይሞላው ሄሮዶቱስን በሙሉ፥ ከአፍላጦንም ስድስት ድርሳናት አነበበ። ከስድስቱ አንዱን ለመረዳት ፈጽሞ አቅም እንዳልነበረው ራሱ ሚል ኋላ ጽፎአል፤ አባቱ ግን የሚችለውን ብቻ ሳይሆን የማይችለውንም ይጠይቀው ነበር። በስምንት ዓመቱ ላቲን፥ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሎጂክ፥ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ የኢኮኖሚ ትምህርት ተከተለ። ይህንም አባቱ በመንገድ ላይ እየነገረው ልጁ በማግሥቱ ጽፎ ያቀርባል፤ ጽሑፉም ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግሞ ይጽፈዋል። አባቱ በ1821 ዓ.ም. ያሳተመው የኢኮኖሚ መጽሐፍ የተጻፈው በእነዚህ ማስታወሻዎች እየታገዘ ነው።

የዕረፍት ወራት የሚባል ነገር በዚያ ቤት አልነበረም፤ የሥራ ልማድ እንዳይቋረጥና ስንፍና እንዳይጣፍጥ ተብሎ ነው። የዕድሜ እኩያ የሆነ ወንድ ጓደኛም አልነበረውም። በዚህም ምክንያት እጁ ለማናቸውም ነገር ሳይፈታ ቀረ፤ ሽማግሌ እስኪሆንም ድረስ በእጅ ሥራ ረገድ ሰነፍ ነበረ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደን ግን ሌላው ነገር ነው። ልጁ ስምንት ዓመት ከሞላው ጀምሮ ታናናሾቹን እንዲያስተምር ታዘዘ፤ እነርሱ ካላወቁ ተጠያቂው እርሱ ነው። በ1817 ዓ.ም. ፍራንሲስ ፕሌስ የተባለ የአባቱ ወዳጅ ከቤተሰቡ ጋር በገጠር ሰንብቶ ሳለ ያየውን ለሚስቱ ጽፎአል። ሁለቱ ሕፃናት ትምህርታቸውን በደንብ ስላልወጡ፥ በሰባት ሰዓት የቀረበው ምሳ ሳይበላ ተመለሰ፤ በዘጠኝ ሰዓት ገና በመጽሐፍ ላይ ተደፍተው ነበር፤ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓትም የሚበላ አያገኙም ነበር። የዐሥራ አንድ ዓመቱ ጆንም ሳያውቁ አሳልፎአቸዋልና አብሮ ተቀጣ። የዚያን ቀን ስሕተት አንዲት ቃል ነበረች። ፕሌስ የማስተማሩን ዘዴ እጅግ አመስግኖ ጭካኔውን ነቅፎአል። እኛም ፍርዱ ልክ ይመስለናል።

አባቱ ልጁ ስለ ራሱ የሚነገረውን ምስጋና እንዳይሰማ አጥብቆ ይጠብቀው ስለ ነበረ፥ ጆን ከሌሎች ልጆች መብለጡን አያውቅም ነበር። እንዲያውም አባቱ ሁልጊዜ ስለሚነቅፈው ወደ ኋላ የቀረ ይመስለው ነበር። በ1820 ዓ.ም. ዐሥራ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል፥ ወደ ፈረንሳይ አገር ከመሄዱ በፊት፥ አባቱ በሃይድ ፓርክ አናፈሰውና እኩዮቹ የማያውቁትን ብዙ ነገር ማወቁን በሌሎች አፍ እንደሚሰማ ነገረው። ይህም በልጁ ብልጫ ሳይሆን ሊያስተምረው የሚችልና ጊዜውን የማይነፍገው አባት በማግኘቱ የሆነ ዕድል ስለሆነ፥ እንዳይኰራበት አስጠነቀቀው። ሚል ይህን ቃል ዕድሜውን በሙሉ ይዞት ኖረ፤ የተፈጥሮ ችሎታዬ ከመካከለኛው ሰው አይበልጥም ብሎ ያምን ነበር።

ፈረንሳይ አገር አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠ። ተራራ ወጣ፤ ዕፀዋት መሰብሰብ ለመደ፤ ሰይፍ መጫወትና ጭፈራ ቀመሰ፤ ሰዎች ያለ ፍርሃት ሲነጋገሩም አየ።

በ1823 ዓ.ም. ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በአባቱ ሥር ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። በዚያው መሥሪያ ቤት ሠላሳ አምስት ዓመት ቈየ፤ ስሙን ያስጠሩትን ሁለቱን ታላላቅ መጻሕፍት፥ በ1843 ዓ.ም. የሎጂኩን፥ በ1848 ዓ.ም. የኢኮኖሚውን ያሳተመው የቢሮ ሠራተኛ ሳለ ነው። ለጽሕፈት ጊዜ አጣን የምንል ሁሉ ልብ እንድንለው ነው ይህን በመካከል ያስገባነው።

በ1826 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ፥ ሃያ ዓመት አልፎት፥ አንድ ቀን ራሱን ጠየቀ፤ ለዓለም የምመኘው መሻሻል ሁሉ ዛሬውኑ ቢፈጸም ደስ ይለኛልን ብሎ። ከልቡ የመጣው መልስ አይደለም የሚል ነበር። የሚኖርለት ነገር ከእግሩ ሥር ተናደ። ወራት ሙሉ ቢሮ ይገባል፤ ይጽፋል፤ ይናገራል፤ ነገር ግን ሁሉ በልማድ ብቻ ነበር። በጠረጴዛው ማዶ የእያንዳንዱን ቃል ትርጕም አባቱን ሲጠይቅ ያደገ ልጅ ይህን አንዱን ጥያቄ አባቱን ሊጠይቅ አልቻለም። አባቱ ሕመሙን አይረዳውም፤ ቢረዳውም ሊፈውሰው አይችልም፤ የደከመበት ትምህርት ከሸፈ ብሎ ማሳዘንም ምን ይጠቅማል ሲል ዝም አለ። ይህ ሁሉ የሆነው አባትና ልጅ በአንድ መሥሪያ ቤት እየሠሩ ነው።

ፋታ ያገኘው ማርሞንቴል የተባለ ፈረንሳዊ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈበትን መጽሐፍ ሲያነብ ነው። አባቱ የሞተበት ልጅ ቤተሰቡን ሲያጽናና ከሚተርከው ስፍራ ሲደርስ እንባው መጣ፤ ልቡም እንዳልደረቀ ከዚያ ወዲህ ዐወቀ። ለምን የአባት ሞት ታሪክ አስለቀሰው የሚለውን ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል፤ እኛ አንገባበትም። በ1828 ዓ.ም. ደግሞ የዎርድስዎርዝን ግጥም አግኝቶ በቤቱ ያልተማረውን ነገር ከዚያ ተማረ።

አባቱ በ1836 ዓ.ም. በሳንባ በሽታ ሞተ። ልጁ በ1859 ዓ.ም. ስለ ነጻነት የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ፤ ሰው ሁሉ በአንድ ቅርጽ እንዳይቀረጽ የሚከራከር ነው። ከ1865 እስከ 1868 ዓ.ም. የፓርላማ አባል ሆኖ፥ በ1866 ዓ.ም. ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲሰጣቸው የሚጠይቀውን አቤቱታ ለምክር ቤቱ አቀረበ። በግንቦት ወር 1873 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በአቪኞን ከተማ ዐረፈ፤ የተቀበረውም እዚያው ከሚስቱ ጋር ነው።

የገዛ ሕይወቱን ታሪክ የጻፈበት መጽሐፍ በዚያው ዓመት ታተመ። ስለ አባቱ ብዙ ገጽ ጽፎበታል፤ ምስጋናውንም ነቀፋውንም ሳያስቀር። ዘጠኝ ልጆች የወለደችው የእናቱ የሃሪየት ስም ግን በታተመው መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም።