ግሬስ ሆፐር፦ ስሕተትን ከማረም ወደ ቅድመ ፍተሻ
የሒሳብ ሊቋ ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1906 በኒውዮርክ ተወለዱ። በ1934 ከየል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አግኝተው በጦርነቱ ወቅት የአሜሪካን ባሕር ኃይል ተቀላቀሉ። በ1947 በሃርቫርድ ባልደረቦቻቸው የማርክ ሁለት ኮምፒውተርን ብልሽት ሲፈልጉ በሪሌው ውስጥ የእሳት እራት አግኝተው በመዝገብ ላይ ለጠፏት። ይህ ጉድለት በዓይን የሚታይ ነበር፤ አንድ ፕሮግራም በየማሽኑ ተለያይቶ ሲተረጎም የሚፈጠረው ስሕተት ግን በቀላሉ አይገኝም። ሆፐር በ1952 የተዘጋጁ ንዑስ ፕሮግራሞችን የሚያገጣጥመውን ኤ-ዜሮ ኮምፓይለር ሠሩ። ከ1967 በኋላም በባሕር ኃይሉ የኮቦል ኮምፓይለሮች ደረጃውን መጠበቃቸውን የሚፈትሹ ፕሮግራሞችን ዝግጅት መሩ። በ1992 አረፉ። ዛሬ በኤክስኤምኤል የመረጃ ቋት ጥያቄው ከመፈጸሙ በፊት ሞጁሎቹ መፈተሻቸው ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይዛመዳል፦ ስሕተት ውጤቱን ከማበላሸቱ አስቀድሞ መገኘት አለበት።