አናሲሞስ ነሲብ፤ በትዕግሥት የበሰለ ሕይወት

እኛ ተማሪዎች ስለ ሃይማኖት ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ጅምሩ ነው። እገሌ መቼ እንዳመነ፣ እገሊት በየትኛው ጉባኤ ልቧ እንደ ተነካ፣ እዚህ በጉብሬ ከየማኅበሩ መዝሙር የትኛው እንደሚደምቅ እንጨዋወታለን። ስለ ፍጻሜው ግን እምብዛም አንነጋገርም። አንድ ክርስቲያን ካመነ በኋላ እንዴት ያድጋል? በሃያ ዓመቱ የነበረው ትኩሳት በአርባ ዓመቱ ምን ይሆናል? በሩ ሲዘጋበት፣ ሥራው ሲከለከል፣ ዕውቀቱ ሲያንስበት እምነቱ ወዴት ይሄዳል? እነዚህን ጥያቄዎች በትምህርተ ሃይማኖት የሚመልሱ ሊቃውንት አሉ። እኛ ግን በዚህ እትም የአንድ ኢትዮጵያዊ ሰው የሕይወት ታሪክ አቅርበን አንባቢ ራሱ እንዲመዝነው መርጠናል። ሰውየው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱት አናሲሞስ ነሲብ ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አናሲሞስ የተወለዱት በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ከሁሩሙ አጠገብ ነው። በልጅነታቸው የተሰጣቸው ስም ሂካ ሲሆን፣ ትርጓሜውም ፈቺ ወይም ተርጓሚ ማለት ነው። ስሙ ኋላ ለሠሩት ሥራ እንደ ትንቢት ነበር ብለው የሚደነቁ አሉ። እኛን ግን ከስሙ ይልቅ ወደዚያ ሥራ የወሰዳቸው መንገድ ርዝመቱ ያስደንቀናል። አራት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ሞተ። በ1869 ገና ልጅ ሳሉ የባሪያ ፈንጋዮች ይዘው ወሰዱአቸው። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ እየተሸጡ፣ ከትውልድ አገራቸው እየራቁ፣ በመጨረሻ ከቀይ ባሕር ዳር ከምፅዋ ወደብ ደረሱ። ሂካ የሚለውም ስም በመንገድ ቀረና ነሲብ የሚባል ስም ወጣላቸው።

በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ የታወቀ ነው። የጉራጌም ምድር ከዚህ መከራ አላመለጠም። እንደ ሂካ ከተወሰዱት ሕፃናት ብዙዎቹ ባሕሩን ተሻግረው ስማቸውም ሳይታወቅ ቀርቷል። ስለዚህ የአናሲሞስን ታሪክ ስናነብ፣ ታሪካቸው ያልተጻፈላቸውን የእነዚያን ሁሉ ልጆች ነገር መርሳት አይገባንም።

በ1870 በምፅዋ ይኖር የነበረው የስዊስ ተወላጅ ቨርነር ሙንዚንገር ልጁን ነፃ አውጥቶ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ዘንድ እንዲማር አደረገ። ልጁም ለትምህርት እጅግ ትጉህ ሆነ። ሁለት ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ በ1872 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት፣ ማርች 31 ቀን፣ ተጠመቀና አናሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የሚገኝ የአንድ ባሪያ ስም ነው። በግሪክኛም የሚጠቅም ማለት ነው። ትናንት በገበያ እንደ ዕቃ ዋጋ ሲቆረጥለት ለነበረ ልጅ ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ስም የሚገኝ አይመስለንም። ጠቃሚነቱ ለሚገዛው ጌታ መሆኑ ቀርቶ በነፃ ፈቃዱ ለወገኑ ሊሆን ነውና።

በ1876 አናሲሞስ ወደ ስዊድን ተልከው ያኔ በስቶክሆልም በነበረው የዮሐነሉንድ ትምህርት ቤት እስከ 1881 ድረስ አምስት ዓመት ተማሩ። የመጽሐፍ ትምህርት በልባቸው ሞላ፤ የአውሮፓንም ኑሮ አዩ። እዚያው ለመቅረት ቢመኙ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ተነጠቁበት አገር ተመልሰው ለወገናቸው ወንጌልን ለማድረስ ቈርጠው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። እስከዚህ ያለው ታሪክ በብዙዎቻችን ሐሳብ ሙሉ ታሪክ ነው። ባሪያው ነፃ ወጣ፤ አመነ፤ ተማረ፤ ወደ አገሩ ተነሣ። ግብዣ ተደርጎ፣ ንግግር ተሰምቶ፣ ጭብጨባ የሚደረግለት ይህ ነው። የአናሲሞስ መንፈሳዊ ዕድገት በእውነት የተፈተነው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

ከስዊድን እንደ ተመለሱ ትዳር ያዙና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ወለጋ ለመሄድ ተነሡ። በደጋው በኩል ለሚሲዮን ሰዎች መንገዱ የተከለከለ ስለ ነበረ በሱዳን በኩል ዞረው ለመግባት ሞከሩ። እስከ ድንበሩ አካባቢ ደርሰው መግባት ስላልተቻላቸው ተመለሱ። አናሲሞስ በንዳድ ታመሙ። በ1882 ካርቱም ሲደርሱ ደግሞ የማሕዲ ጦርነት ሱዳንን ማናወጥ ጀምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ የሚሲዮን ሰፈር ማስተማር ቀጠሉ። በ1886 ለሁለተኛ ጊዜ ተነሥተው እስከ እንጦጦ ደረሱ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ወደ ፊት እንዳይሄዱ ስለ ከለከሏቸው እንደ ገና ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለት ጊዜ ወጥተዋል፤ ሁለት ጊዜም ተመልሰዋል። የተወለዱበትን አገር አፈር ገና አልረገጡም።

ከመንገዱ መዘጋት የከፋ ሌላ ችግርም ነበረባቸው። መንገዱ እስኪከፈት መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም በተቀመጡ ጊዜ የእናታቸው ቋንቋ እንደሚያንሳቸው ተረዱ። በልጅነታቸው ተነጥቀው ስለ ወጡ የያዙት የልጅ ኦሮምኛ ነበር። የሸንጎውን፣ የዳኝነቱን፣ የምሳሌውንና የተረቱን ቋንቋ ከሽማግሌዎች አፍ ለመስማት አልታደሉም። የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጉድለት ሲያገኝበት ሊያደርግ የሚችለውን እኛ ተማሪዎች ደኅና አድርገን እናውቀዋለን። ወይ ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ወይ ሥራውን ይተዋል፤ ወይም ቋንቋው ራሱ ድሃ ነው ብሎ ያማርራል።

አናሲሞስ ከሦስቱ አንዱንም አላደረጉም። በ1886 የኢጣልያ መርከብ ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ ከሚወሰዱ ባሮች መካከል ነፃ ያወጣት አስቴር ገኖ የምትባል የኦሮሞ ልጅ በእምኩሉ ትማር ነበር። ይህች ወጣት የሕዝቡን ቋንቋ ከነተረቱ፣ ከነእንቆቅልሹ፣ ከነዘፈኑ በአእምሮዋ ይዛ ነበር። አምስት መቶ ያህል እነዚህን ቃላዊ ቅርሶች በጽሑፍ አሰባስባለች። ለመዝገበ ቃላቱም ሥራ ደክማለች። በስዊድን አምስት ዓመት የተማሩት መምህር ከዚህች ወጣትና እንደ እርስዋ ከባርነት ከወጡ ሌሎች ኦሮሞዎች ጋር ተቀምጠው የገዛ ቋንቋቸውን እንደ ገና ተማሩ። በእኛ አስተያየት ከሕይወታቸው ሁሉ የመንፈሳዊ ብስለት ምልክት በጎላ የሚታየው በዚህ ስፍራ ነው። ከሊቅ ፊት ቀርቦ መማር ለማንም ቀላል ነው፤ ከታናሽ ፊት ቀርቦ መማር ግን ራሱን ላሸነፈ ሰው ብቻ የተሰጠ ነው።

ሥራው አዝጋሚ ነበር። የግዕዝ ፊደል የኦሮምኛን ረዣዥም አናባቢዎች ከአጫጭሮቹ ለይቶ አያሳይም፤ የሚጠብቀውንም ድምፅ ከሚላላው አይለይም። ኦሮምኛ ደግሞ በዚህ ልዩነት ብቻ የቃል ትርጉም የሚለወጥበት ቋንቋ ነው። ሆኖም አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት በ1894 አናሲሞስና አስቴር ያዘጋጁት የንባብ መማሪያ፣ አስቴር ከሰበሰበቻቸው ተረቶችና ምሳሌዎች ከፊሉን ይዞ ወጣ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ሲፈጸም አናሲሞስ ኅትመቱን ለመከታተል ወደ ስዊስ አገር ሄዱ። በ1899 በባዝል ከተማ አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። የመጀመሪያው ጉዞ ከከሸፈ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆኖ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በሩ ተከፍቶላቸው ቢሆን ኖሮ የልጅ ኦሮምኛቸውን ይዘው ይገቡ ነበር፤ መጽሐፉም ምናልባት አይገኝም ነበር።

ይህን ስንጽፍ በዙሪያችን የሚታየው እንሰት ትዝ ይለናል። በጉራጌ አገር እንሰት በተተከለበት አይበስልም። ችግኙ ከመደብ ወደ መደብ እየተነቀለ ሁለት ሦስት ጊዜ ይተከላል፤ ለምግብ እስኪደርስም ዓመታት ይፈጃል። ደርሶም ቢሆን ተፍቆ በጉድጓድ ካልቈየ ቆጮ አይሆንም። ባለቤቱ አይቸኩልም፤ ቢቸኩልም አይጠቅመውም። አናሲሞስም ከኢሉባቦር ወደ ምፅዋ፣ ከምፅዋ ወደ ስቶክሆልም፣ ከዚያም ወደ እምኩሉና ወደ ስዊስ እየተነቀሉ የተተከሉ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው መነቀል የክፉዎች ሥራ ነበር፤ እርሱን መልካም ነው አንልም። ነገር ግን በተተከሉበት ስፍራ ሁሉ ሥር ሰደዱ እንጂ አልደረቁም።

በ1904 አናሲሞስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ነቀምቴ ገቡ። አስቴር ገኖም ከተጓዦቹ አንዷ ነበረች። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ የቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በደኅና ተቀበሏቸው። ከተነጠቁ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በኦሮምኛ ስለ ሰበኩ ሕዝቡ በቶሎ ወደዳቸው። የሕዝቡ መውደድ ግን ክርክር አስነሣ። በ1906 በነገረ ማርያም ላይ የስድብ ቃል ተናግረዋል ተብለው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተከሰሱ። ስለ ሃይማኖቱ ክርክር መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚህ ነገር የተለያየ እምነት ያላቸው አሉና። በአቡኑ ዘንድ እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው። አፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ።

እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአንድ ሥራ ሲዘጋጁ የኖሩ ሰው ሥራው ስፍራ በደረሱ በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ሥራ ተከለከሉ። ሃምሳ ዓመት ሆኗቸዋል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው ወደ ምሬት ይገባል፤ ወይም ወገን ሰብስቦ ጠብ ይጀምራል። አናሲሞስ ግን በነቀምቴ ልጆችን ማንበብና መጻፍ ማስተማር ያዙ። የመሰደድ ሥጋት ሳይለያቸው ዐሥር ዓመት ያህል እንዲሁ ኖሩ። መስበክ ሲከለከሉ ማስተማር ቀረላቸው፤ ማንበብ የተማረ ልጅ ደግሞ መጽሐፉን ራሱ ገልጦ ያነባል። በኋላ ልጅ ኢያሱ በሥልጣን ሳሉ በ1916 እምነታቸውን በግልጥ እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ ፈቃዱ አልተሻረባቸውም። የሰፈሩ ሰዎች አባ ገመቺስ የሚሏቸው ሽማግሌ በዚሁ አኳኋን እያስተማሩ፣ የተረጐሟቸውንም መጻሕፍት እያደሉ ኖረው ሰኔ ወር ውስጥ፣ ጁን 21 ቀን 1931፣ በነቀምቴ ዐረፉ። ከሞቱ ሃያ ስምንት ዓመት በኋላ በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትቋቋም በወለጋ ካሉት ምእመናንዋ ብዙዎቹ የዚያ የነቀምቴ ሥራ ፍሬዎች ነበሩ።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? በበኩላችን ሦስት ነገሮች አግኝተንበታል። አንደኛ፣ መንፈሳዊ ብስለት በስሜት ግለት አይለካም። የአናሲሞስ ግለት በ1882ም ነበረ፤ ብስለቱ ግን ከሁለቱ መመለሶች በኋላ መጣ። ሁለተኛ፣ የበሰለ ሰው ጉድለቱን አይቶ ይማራል እንጂ አይደብቅም። ከእኛ መካከል ከቸሃ፣ ከእኖር፣ ከሙሕር የመጣን አለን፤ ከወለጋም፣ ከሲዳማም፣ ከጎንደርም የመጣን አለን። አንዳንዶቻችን ዲግሪ ይዘን ወደ ቤት ስንመለስ የአያቶቻችን ንግግር ግማሹ ያመልጠናል። ለወገናችን እንጠቅማለን የምንል ከሆነ ምናልባት የመጀመሪያው መምህራችን ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች አክስት ትሆናለች።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል። ከዚህ ግቢ ስንወጣ ሁላችንም ያሰብነውን ሥራ አናገኝም። ያገኘነውም እንከለከል ይሆናል። በሃይማኖትም ቢሆን ከእኛ የሚለይ ሰው ይከሰናል፤ እኛም እንከሰው ይሆናል። ያን ጊዜ የእምነታችን ልክ የሚታወቀው የተወሰደብንን እየቈጠርን በመጮኻችን አይደለም፤ በቀረልን ነገር በምንሠራው ሥራ ነው። አናሲሞስ አውደ ምሕረቱ ሲቀርባቸው ሰሌዳው ቀርቶላቸው ነበር። በሰሌዳው ዐሥር ዓመት ሠሩበት። ከመካከላችን ዛሬ በር የተዘጋበት ወንድም ወይም እህት ቢኖር፣ የቀረለትን ነገር ዙሪያውን አይቶ ይፈልግ ዘንድ በዚህ ሰው ሕይወት እናሳስበዋለን።